ጉጉትን ከጥፋት መጠበቅ ይገባልን?

ከአዕዋፍ ሁሉ እንደ ጉጉት ስሟ የጠፋ ያለች አይመስለኝም። ርግብ የሰላም፣ ንስር የኃይል፣ ዶሮ የትጋት ምሳሌ ሆነው ሲነገርላቸው፣ ጉጉት ግን የሞት መልእክተኛ ተብላ ትረገማለች። እኔ ባደግሁበት ቀዬ ጉጉት በቤት አጠገብ ካለ ዛፍ ላይ ተቀምጣ የጮኸች እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ ያማትቡ፣ ጎረምሶቹ ድንጋይና ትንታግ ይወረውሩባት ነበር። በማግሥቱ የታመመ ሰው ቢሞት ጥፋቱ የበሽታው ሳይሆን የወፏ ሆኖ ይቈጠራል፤ በሽተኛው ቢድን ግን «ያለ ጥፋቷ ረገምናት» ብሎ ይቅርታ የሚጠይቃት አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ወፍ ዘሯ ከምድር እንዳይጠፋ ሰው ሊደክምላት ይገባዋልን? ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቻችሁ ቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን በዩናይትድ ስቴትስ ምዕራባዊ ዳርቻ ስለ አንዲት ጉጉት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሙግት ተደርጓል። ዳኞች ፈርደዋል፤ ፕሬዚዳንት ጉባኤ ጠርቷል፤ መጋዝ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጎረቤትና ጎረቤት ተኳርፏል፤ ነገሩም ዛሬ ድረስ አላለቀም። እኔን ወደዚህ ነገር የመራኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ በሲያትል ከተማ ይኖራል፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ይልክልኛል። በ2024 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ እኛ በድንጋይ የምናባርራትን ወፍ እዚህ አገር ለማዳን ሲሉ ሌላ ጉጉት በጥይት ሊገድሉላት ነው። ይህ ጽድቅ ነው ወይስ እብደት?»

ፈጥኜ ልመልስለት አልቻልሁም። ጥያቄው ሲታይ ትንሽ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሰፊ ነው። ለዋልያና ለአንበሳ መቈርቈር ብዙ አያስቸግርም፤ መልካቸው ራሱ ይማልድላቸዋል። ሰው ስለ ውብ ነገር ሲከራከር ስለ ፍጥረቱ ይከራከር ወይም ስለ ራሱ ዓይን ደስታ ይከራከር መለየት ያዳግታል። ጉጉት ግን አታባብለንም። በሌሊት ትኖራለች፤ አትበላም፤ ዜማዋ አያስደስትም። ስለዚህ ፍጥረትን ስለ ፍጥረትነቱ እንወደው እንደ ሆነ መፈተኛችን እንደ እርሷ ያለችው ናት።

የዚች ወፍ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ የሰሜን ነጠብጣብ ጉጉት እንደ ማለት ነው። ቁመቷ 45 ሴንቲሜትር ያህል፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ በታች፣ መልኳ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ የተበተነበት ነው። የብዙዎቹ ጉጉቶች ዓይን ብጫ ሲሆን የእርሷ ጥቁር ነው። ከካናዳ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ጀምሮ በዋሽንግተንና በኦሪጎን አልፎ እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ ድረስ ባለው ደን ትኖራለች። እንደ ሌሎች ወፎች ጭራሮ ሰብስባ ጎጆ አትሠራም፤ ባረጀ ዛፍ ጕድጓድ ወይም ጫፉ በተሰበረ ግንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቍላል ትጥላለች። ምግቧም በዛፍ ላይ የሚኖሩ አይጥ መሰል እንስሶች ናቸው፤ ይልቁንም በእጁና በእግሩ መካከል ያለውን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፈውን ትንሽ እንስሳ ትወዳለች። ይህን ሁሉ የምታገኘው በሸመገለ ደን ውስጥ ስለ ሆነ፣ አንድ ጥንድ ጉጉት በአሥሮች የሚቈጠር ጋሻ ደን ያስፈልጋታል።

የሸመገለ ደን ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ላስረዳ። እኛ ዛሬ ደን ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በተራ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁሉም እኩያ፣ ሁሉም ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ ሣር እንኳ የማይበቅል። የዚያ አገር ጥንታዊ ደን እንዲህ አይደለም። ዳግላስ ፈር የሚባለው ዛፍ አምስት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ አንዳንዱም ከ80 ሜትር በላይ ይረዝማል። በእኛ አገር ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን ችግኝ የነበረ ዛፍ እዚያ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ከጐኑ ትንሹ፣ ከትንሹ በታች ጨቅላው፣ ከጨቅላው በታች ደግሞ የወደቀው ግንድ አለ፤ በወደቀው ላይ እንጉዳይና አዲስ ቡቃያ ይወጣበታል። ዛፉን ሁሉ ሽበት ለብሶታል። እንዲህ ያለውን ደን ሰው በአንድ ቀን በሞተር መጋዝ ሊጥለው ይችላል፤ ሊሠራው ግን አይችልም። ሊተክል ይችላል፤ አምስት መቶውን ዓመት ግን ከየት ያመጣል?

ነጮቹ ሰፋሪዎች በ19ኛው መቶ ዓመት ወደዚያ ሲደርሱ ደኑ የማያልቅ መሰላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለቤት መሥሪያ የሚሆን ሣንቃ እጅግ ስለ ተፈለገ መንግሥት የራሱን ደን ለቈራጮች አብዝቶ መሸጥ ጀመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ኤሪክ ፎርስማን የሚባል ወጣት የኦሪጎን ተማሪ ጉጉቷን መከታተል ያዘ። የጉጉቷን ድምፅ አስመስሎ ሲጠራ ትመልስለት ስለ ነበረ፣ የምትኖርበትን ቦታ አንድ በአንድ ለማወቅ ቻለ። ከዚያም በኋላ ያገኘው ነገር አሳዘነው፤ ጎጆዋን ባወቀበት ደን ሁሉ ቈራጮች ከኋላው ይደርሱ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለጉጉቷ የተጠየቀላት በየጎጆዋ ዙሪያ 300 ኤከር ብቻ ነበር፤ ይህም በእኛ ልክ ሦስት ጋሻ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ እንኳ በዛ ተባለ። እኔ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሦስት ጋሻ የነፈገ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ብዙ ሺህ ጋሻ ሲጠየቅ መደንገጥ አልነበረበትም።

በ1973 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሊጠፉ የተቃረቡትን አራዊትና ዕፅዋት የሚጠብቅ ሕግ ፈረሙ። ጉጉቷ ግን በዚያ ሕግ ሥር የገባችው በሰኔ 1990 ነው። በ1991 ዊልያም ድዋየር የሚባሉ የሲያትል ዳኛ፣ መንግሥት ጉጉቷን በሕግ እንደሚገባ እስኪጠብቅ ድረስ በመኖሪያዋ ያለውን የመንግሥት ደን እንዳይሸጥ አገዱ። ሕጉን ያወጣው መንግሥት ራሱ ሕጉን ሳይፈጽም ተገኝቶ በራሱ ዳኛ ፊት ተረታ። እናንተ ወጣቶች ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ሕግ ለወፍም ሲቆም ማየት ለሰው ልጅ ትልቅ ተስፋ ነው። በሚያዝያ 1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፖርትላንድ ከተማ ሁለቱን ወገን ሰብስበው አነጋገሩ፤ በ1994ም 24 ሚሊዮን ኤከር የመንግሥት መሬት የሚያጠቃልል የደን አስተዳደር ደንብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከመንግሥት ደን የሚቈረጠው እንጨት እጅግ አነሰ።

አሁን ደግሞ ስለ ግንድ ቈራጩ ልናገር፤ ስለ እርሱ ሳይናገሩ ስለ ጉጉቷ ብቻ መናገር ፍርድ ማጓደል ነውና። ተማሪዬ በተራራው ሥር ባሉት ትንንሽ ከተሞች ሲያልፍ የዛጉ መጋዝ ቤቶች እንዳየ ጽፎልኛል። በአንዱ ቡና ቤት ውስጥ ያነጋገረው ሽማግሌ አባቱም አያቱም ግንድ ቈራጮች ነበሩ። እርሱ ግን በ40 ዓመቱ «ሌላ ሙያ ተማር» ተባለ። ሽማግሌው ይህን ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር ይላል። በዚያን ጊዜ ቈራጮቹ ጉጉትን ጠብሰን እንበላታለን የሚል ጽሑፍ በመኪናቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። የከተማ ሰዎችም ይህን እያዩ አላዋቂዎች ናቸው እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። ያ ሣቅ ለእኔ ከጽሑፉ የባሰ ነው። በሞቀ ቤቱ፣ ያውም ከዚያው ደን በወጣ ሣንቃ በተሠራ ቤት ተቀምጦ፣ ሣንቃውን በላቡ ባወጣለት ሰው የሚሥቅ፣ ለፍጥረት ተቈርቋሪ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ለጋራ ጥቅም የሚከፈል ዋጋ በጥቂቶች ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ አሠራሩ ግፍ ይሆናል። መንግሥት ለነዚያ አውራጃዎች መቋቋሚያ በአምስት ዓመት የሚሰጥ 1.2 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ገንዘቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚኖረው በደመወዙ ብቻ ሳይሆን በሙያው ክብርም ስለ ሆነ፣ ክብሩን በቼክ ሊመልሱለት አይቻልም።

ሆኖም እውነቱ ሁሉ ከተነገረ፣ ሥራውን የወሰደችው ጉጉቷ ብቻ አልነበረችም። ከእርሷ ነገር በፊት አዳዲስ መኪናዎች የብዙ ሰዎችን እጅ ተክተው ነበር፤ ብዙ ግንድም ሳይሰነጠቅ በመርከብ ተጭኖ ወደ ጃፓን ይሄድ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሸመገለው ደን አብዛኛው ተቈርጦ አልቆ ነበር። ወፏ ባትኖር ኖሮ የቀረው ጥቂት ዓመት ሠርቶ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደኑም ሥራውም አይኖርም። ስለዚህ የዚያ አገር ጉጉትም እንደ እኛ ቀዬዋ ሆነች፤ በሽታው ለገደለው እርሷ ተከሰሰች።

«ሰው እየተራበ ስለ ወፍ መጨነቅ ምን የሚሉት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን አነጋገር በአገራችንም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አልንቀውምም። የተራበ ሰው በፊቴ ቆሞ እኔ ስለ ወፍ ብሰብክ ያሳፍረኛል። ዳሩ ግን በዕድሜዬ እንደ ታዘብሁት፣ ይህን የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ ለራበው እንጀራ ሲቈርስ የሚታየው አይደለም። ደግሞም ደን የጠፋበት አገር የጠገበ ሕዝብ ሲኖርበት አላየሁም፤ ምንጩ ይነጥፋል፣ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። የእኛዋ ጉጉትም ብትሆን በሌሊት ከጎተራው ዙሪያ አይጥ ስትለቅም ታድራለች፤ ባለ ጎተራው ግን በጧት ድንጋይ ያነሣባታል። ነገር ግን ክርክሬን በጥቅም ላይ ብቻ ማቆም አልፈልግም። ነገ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ ይህች ፍጥረት ምንም አትጠቅምም ብሎ በቍጥር ቢያስረዳኝ፣ እንግዲያስ ትጥፋ እንድል የሚያስገድደኝ ሙግት ይሆንብኛልና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የኦሪትን ታሪክ በቃል እናጠና ነበር። በሕገ ኦሪት ጉጉት ከማይበሉት ርኩሳን አዕዋፍ ጋር ተቈጥራለች። ወደ ኖኅ መርከብ የገቡት ግን ንጹሓኑ ብቻ አልነበሩም፤ ርኩሳኑም ጥንድ ጥንድ ሆነው ገብተዋል። ኖኅ ይህ ይጠቅመኛል፣ ያኛው ያስጠላኛል እያለ በር ላይ ቆሞ እንዲመርጥ ሥልጣን አልተሰጠውም። መርከቡን የሠራው እርሱ ነው፤ የተሳፋሪዎቹ ጌታ ግን እርሱ አልነበረም። እኔ ለተማሪዬ ጥያቄ የመጀመሪያ ክፍል ያለኝ መልስ ይህ ነው። ጉጉቷን መጠበቅ ይገባል፤ እኛ ስላልፈጠርናት፣ ካጠፋናትም ልንመልሳት ስለማንችል ይገባል።

ነገር ግን ኖኅ አንዱን ለማዳን ሌላውን ከመርከቡ እንዲወረውር አልታዘዘም። የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል የሚያስጨንቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ምሥራቅ ሌላ ጉጉት አለች፤ ደረቷና ሆዷ ላይ መስመር ስላለባት ባለ መስመር ጉጉት እንበላት። ከነጠብጣቧ ትበልጣለች፤ ጠበኛም ናት። ምግብ አትመርጥም፤ አይጡንም፣ እንቍራሪቱንም፣ ነፍሳቱንም ትበላለች። ስለዚህ በጠባብ ቦታ ብዙ ሆና ልትኖር ትችላለች። በጥንት ጊዜ በአህጉሩ መካከል ያለው ዛፍ የሌለበት ሰፊ የሣር ሜዳ ወደ ምዕራብ እንዳትሻገር አግዷት ይኖር ነበር። ሰፋሪዎቹ በዚያ ሜዳ ላይ ዛፍ ተከሉ፤ ሣሩን የሚበላውንም እሳት አጠፉ። ብዙ ሊቃውንት ድልድይ የሆናት ይህ ነው ይላሉ። በመጀመሪያ በምዕራብ ካናዳ፣ ቆይታም በዋሽንግተንና በኦሪጎን ታየች። ከዚያ ወዲህ ነጠብጣቧን ከጎጆዋ ታባርራለች፤ አንዳንድ ጊዜም ከእርሷ ጋር ትዳቀላለች። ደኑ በሕግ ተጠብቆ ሳለ ወፏ መመናመኗን ቀጠለች። ሊቃውንት ለብዙ ዓመት ከተከታተሏቸው ቦታዎች መካከል በሰባቱ፣ ከ1995 ወዲህ የቀረችው ከቀድሞ ቍጥሯ 35 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆና ተገኘች። በካናዳ በዱር የቀሩት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ ከ2007 ጀምሮ በቤት ውስጥ ለማርባት እየተሞከረ ነው።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ለመስማትም ይከብዳል። በተመረጡ ቦታዎች ባለ መስመሮቹን በጥይት እየገደሉ ውጤቱን መዘኑ። በ2021 የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ ባለ መስመሮቹ በተገደሉበት ቦታ ነጠብጣቦቹ በዓመት 0.2 በመቶ ብቻ ሲቀንሱ፣ ባልተገደሉበት ግን በዓመት 12 በመቶ ያህል ይቀንሱ ነበር። በ2024 የአሜሪካ የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት በ30 ዓመት ውስጥ እስከ 450,000 የሚደርሱ ባለ መስመር ጉጉቶች እንዲገደሉ የሚፈቅድ እቅድ አጸደቀ። ተኳሾቹ የሠለጠኑ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ፤ ለአደን ጨዋታ አልተፈቀደም። በዓመት የሚገደለውም በአህጉሩ ካሉት ባለ መስመሮች ከመቶው ግማሽ እንኳ አይሞላም ይላል መሥሪያ ቤቱ። ለእንስሳት የሚቈረቈሩ ማኅበሮች ተቃወሙት። ወፍ ይጠበቅ ብለው ትናንት አብረው የቆሙ ሰዎች ዛሬ ተለያዩ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ባለ መስመሯ ምን በደለች? ክንፍ ተሰጥቷታል፤ መንገድ ተከፍቶላታል፤ ሄደች። እርሷን ወራሪ ብሎ መጥራት እንኳ አይጥመኝም፤ ይህ ስም የሚገባው አስቦ ለሚያደርግ ነው። ደግሞ 450,000 የሚለውን ቍጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ቍጥር ሲበዛ ሐዘን ይደነዝዛል።

በሌላ በኩል ግን «ተፈጥሮ እንደ ወደደች ታድርግ፤ እኛ እጃችንን እንታጠብ» የሚሉትን አልቀበላቸውም። ደኑን ቈርጦ የነጠብጣቧን ቤት ያጠበበ፣ ሜዳውንም ለውጦ ለባለ መስመሯ በር የከፈተ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ እጁን ከነከረ በኋላ በሦስተኛው ጊዜ ተፈጥሮ ትፍረድ ብሎ ዘወር ማለት፣ ትሕትና ሳይሆን ከዕዳ መሸሽ ነው። ስለዚህ ለተማሪዬ እንዲህ ብዬ መለስሁለት፦ ነጠብጣቧ ገና ባልጠፋችባቸውና ልትድን በምትችልባቸው ጥቂት ቦታዎች ግድያውን እቀበለዋለሁ፤ በየስፍራው ማሳደድን ግን አልቀበልም። የሚተኵሰውም ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ደስ ያለው እንደ ሆነ፣ ያን ሥራ ይተው እላለሁ። ጥይት ጊዜ ይገዛ እንደ ሆነ እንጂ ወፏን አያድናትም። የሚያድናት ወጣቱ ደን እስኪሸመግል የሚጠብቅ ትዕግሥት ነው፤ ይህም ዛሬ የምታነቡኝ ሁላችሁ ካለፋችሁ በኋላ የሚደርስ ነገር ነው። በአንድ እጅ ባለ መስመሯን እየገደሉ በሌላው እጅ የሸመገለውን ዛፍ የሚቈርጡ ከሆነ ግን ግድያው ተራ ግድያ ነው።

ተማሪዬ በመልሴ አልረካም። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ይገደል? በ30 ዓመት መጨረሻስ ባለ መስመሯ ተመልሳ ብትመጣ?» ብሎ እንደገና ጻፈልኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እቅዱም አንዴ ከተጀመረ የማያቋርጥ ሥራ እንደሚሆን የሚፈሩ ሊቃውንት አሉ። በዚያው ደብዳቤው አንድ ቅዳሜ ማታ ከከተማው ወጥቶ በተራራው ግርጌ ወዳለ አሮጌ ደን እንደ ሄደ ነገረኝ። የነጠብጣቧ ድምፅ አራት ጩኸት ነው፤ የባለ መስመሯ ስምንት። በጨለማው ውስጥ መኪናውን አጥፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ቆመ። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ተኝተው ነበር። በመጨረሻ ከሩቅ አንዲት ጉጉት ጮኸች፤ ቈጠረ፤ ስምንት ነበር።